የአውጫጩ ወፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ነፍስ አባቴ ዘንድ ስንት ጊዜ ልናዘዘው ሄጄ፣ ጾም መግደፌን ብቻ አውርቼ ተመልሻለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፌ የተፈታው።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነው። ቀራንዮ ያኔ ገጠር ነበር። ከቤታችን በታች ምንጭ ያለበት ጨፌ ነበረን፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ከብት እዚያው ይግጣል፣ እዚያው ይጠጣል። አንድ የከተማ ባለጸጋ ይህን ጨፌ ከመንግሥት በስሙ አስመርቶ የቆዳ ፋብሪካ ሊያቆምበት ተነሳ። ቀያሾች መጡና ችካል ተከሉ። ነቀልነው። ደግመው ተከሉ፤ ደግመን ነቀልነው። ዓርብ ሙስሊሞቹ ስግደት ላይ ሲሆኑ እኛ እንነቅላለን፤ እሁድ እኛ ቅዳሴ ስናስቀድስ እነሱ። ማንም ያቀደው ነገር አልነበረም፤ እንዲያው ተግባባን። እንደዚያ ያለ ጎረቤት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ጎረቤቴ ሸምሱማ በነቀለው ችካል የዶሮ ቤት ሠራበት። ማገሩን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ።

በመጨረሻ የወረዳው ምክትል ገዥ አውጫጭ ጠራ። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጠው ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «ወፍ እንዲህ ነገረችኝ» ይላል። ማን እንደተናገረ አይገለጽም። የተመረጡት ሽማግሌ አቶ ደቻሳ ነበሩ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ፀሐይ አነደደን፣ ዝናብ ደበደበን፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ስንቁን ያልተካፈለ አልነበረም። ሸምሱ ጋቢውን ለእኔ ሰጥቶ ራሱ በሸሚዝ አደረ።

እኔስ? እኔ የማስበው ስለ ጊደሬ ነበር። የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ ያለችኝም እሷው ብቻ ናት። ብትሞትስ? ይህን እያልኩ ተነሳሁ፤ እግሬ ወሰደኝ አልልም፣ እኔው ሄድኩ። «ወፍ የሸምሱን የዶሮ ቤት እዩ አለችኝ» አልኩ። ጋቢው ትከሻዬ ላይ ነበር።

አቶ ደቻሳ ቀና ብለው አዩኝ። «ሂድ፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ምክትል ገዥው ግን ከሩቅ አይቶ ኖሮ፣ «ወፏ ማንን አለች?» ብሎ ጮኸ።

አቶ ደቻሳ ተነሡ። «እኔን ነው ያለችው ጌታዬ» አሉ። «ነቃዩ እኔ ነኝ።»

እኔ ያን ሰዓት ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። አስረው ሲወስዷቸው ዝም አልኩ። ቤቴ ስደርስ ጥጃዋ ቆማ ትጠባለች። ጊደሯን ምጥ ጠንቶባት፣ ጎትታ ያዋለደቻት የሸምሱ ሚስት ራሕማ ናት።

ሰዎቻችን ከዚያ በኋላ ይፈራሉ ብላችሁ ይሆናል። ጭራሽ ባሰባቸው! ቀያሾቹ ሲመለሱ ሴት ወንዱ በጠራራ ፀሐይ ወርዶ ጨፌው ላይ ተቀመጠ፤ ራሕማ ልጇን አዝላ ከፊት ነበረች። ሰው ላይ ችካል አይተከልም። ባለጸጋው ታከተውና ፋብሪካውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ሄደ። አቶ ደቻሳ ከወራት በኋላ ተፈቱ፤ በእልልታ ተቀበልናቸው። እኔም እልል ካሉት ነኝ። ከስተው ነበር። ሲያቅፉኝ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ፈራሁ፤ «ጥጃዋ እንዴት ናት?» ብቻ አሉኝ። ምስጢሬን ይዘው ሞቱ።

ሸምሱ አሁንም አለ። ሁለታችንም ሸብተን በሩ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ይህን ታሪክ ያነሳል። «ደቻሳን የሚያህል ሰው የጠቆመው ከሃዲ ማን ይሆን?» ይለኛል። እኔም አብሬው ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን አብሬው ረግሜዋለሁ።

ጊደሬን ምክንያት አላደርግም። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ስንቀመጥ የምለውን እዚህ ላይ እየተለማመድኩት ነው።

ሸምሱ፣ ወፏ እኔ ነኝ። ያልኩትም ደቻሳን አልነበረም፤ አንተን ነው።