እናቴ የጮኸችበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት የልጄን ፀጉር ልቀባ የጉሎ ዘይት በትንሽ መጥበሻ እያሞቅኩ ሳለ ስልክ ተደወለልኝና ረሳሁት። ስመለስ ዘይቱ እየጨሰ ነበር። ቤቱን ከበድ ያለ፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ የቃጠሎ ሽታ ሞልቶታል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ልትከፍት ሮጠች። እኔ ግን መጥበሻውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ያንን ሽታ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ብቻ አሽትቼው ነበር፤ ከአንድ የሞተር ሳይክል ውድድር አጥር ሥር፣ ከእናቴ ጎን ቆሜ።

ጀርመን የዓለም ዋንጫን ካዘጋጀች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የጂምናዚየም፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር እዚያው ጀርመን፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ጽዳት ትሠራለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ሮደልሃይም በሚባለው ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሚከራየው አዳራሽ ከመዘምራኑ ጋር ትቆማለች። ስትዘምር እንኳ ድምፅዋ ከጎኗ ካለችው ሴት አያልፍም። እኔን ስትቆጣም ድምፅዋን ዝቅ ነበር የምታደርገው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ይበልጥ እፈራለሁ።

ሥራ ቦታ አንዲት ፖላንዳዊት ጓደኛ ነበረቻት። በአንድ ሺሽት፣ በአንድ ፈረቃ፣ አንድ የጽዳት ጋሪ እየገፉ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ ዓመታት አውርተዋል። አባቴ የሞተ ጊዜ ያቺ ሴት ቤታችን መጥታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ለቀስተኛው እስኪያልቅ ድረስም አልተለየችንም። ከዚያ ወዲህ እናቴ «እኅቴ» እንጂ ሌላ ብላ ጠርታት አታውቅም።

አንድ ቀን እናቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እሑድ የትም እንዳትሄጂ። የእኅቴ ልጅ በሞተር ይወዳደራል፤ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።

«ማማ፣ ሰኞ እኮ ክላውዙር አለኝ።»

«ፈተናሽን ቅዳሜ አጥኚ።»

«ቤተ ክርስቲያንስ?»

«ለፓስተሩ ነግሬያቸዋለሁ።»

እናቴ ትኩሳት ይዟት እንኳ ከእሑድ ጉባኤ ቀርታ አታውቅም።

ነገሩ የገባኝ በዕለቱ በከተማው ባቡር፣ ኤስ-ባኑ ውስጥ ነው። ፖላንዳዊቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች አጫወተችን። ልጇ ባለፈው ዓመት በዚሁ ውድድር ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ውድድር የሚባል ነገር ማየት አልቻለችም። የዛሬው ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው አንድ የማጣሪያ ዙር ነው፤ ካለፈ ይቀጥላል፣ ካላለፈ ሞተሩን ሸጦ ሥራ ይፈልጋል። «እናቴ፣ ዛሬ እንኳ ነይልኝ» ብሎ ለምኗታል።

«ሞተሩ ፍሬን የለውም» አለችን በመጨረሻ።

እናቴ ዞር ብላ አየቻት። «ፍሬን የሌለው ሞተር ላይ ነው ልጅሽን ያስቀመጥሽው?»

«እሱ ነው የተቀመጠው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

እናቴ፣ «እሺ፣ ምን ብዬ ልጸልይልሽ? እንዲያሸንፍ ነው እንዲሸነፍ?» አለቻት።

ፖላንዳዊቷ፣ «በእግሩ ቆሞ እንዲጨርስ» አለች።

ከባቡሩ ወርደን በፖም ዛፎች መካከል በሚያልፍ መንገድ ከሕዝቡ ጋር ነጎድን። ሜዳው ገና ሳይታየን ድምፁ መጣ፤ ቀፎው እንደተነካበት ንብ ያለ፣ የሚወጣ የሚወርድ ጩኸት። ከአጥሩ ስንደርስ ያ ሽታ ተቀበለን፤ እናቴ አየሩን ሳብ አድርጋ፣ «ይሄ እኮ የጉሎ ዘይት ነው» አለች፣ የአገሯን ሰው በመንገድ ያገኘች ይመስል። ለካ ሞተሮቹ የሚቀቡት ከጉሎ የተሠራ ዘይት ኖሯል።

አራት ሆነው ነው የሚወጡት። መነሻው ላይ የተወጠረው ገመድ ወደ ላይ ሲፈናጠር አራቱም እንደ ጥይት ይወነጨፋሉ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሞተሮቹን አግድም አጋድመው፣ ግራ እግራቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ይንሸራተታሉ፤ ቀዩ አፈር ከኋላ ጎማቸው ተነሥቶ እኛው ላይ ይዘንባል። የእናቴ ነጭ የእሑድ ቀሚስ ወዲያው ነቁጥ በነቁጥ ሆነ። አላራገፈችውም።

ፖላንዳዊቷ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ፣ አጥሩን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። የእናቴን እጅ ያዘችና «አንቺ እይልኝ። ንገሪኝ» አለቻት። እናቴም መንገር ጀመረች።

«ቢጫ ሄልሜት አድርጓል። ወጣ። ሁለተኛ ነው። ሁለተኛ... አሁን አንደኛ!»

ሁለተኛ ተራው ሲደርስ ግን እናቴ ፊቷ ጠቆረ። «አዝናለሁ እኅቴ፣ መጨረሻ ነው። በጣም ቀርቷል።» ፖላንዳዊቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ወዲያው በድምፅ ማጉያው የአሸናፊው ስም ሲጠራ የገዛ ልጇን ስም ሰማች። ለካስ የሄልሜቱ ቀለም በየተራው ይቀየራል፤ እናቴ ያን ሁሉ ዙር ስታዝንለት የነበረው ለማታውቀው የሰው ልጅ ነው። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ቀለሙን አስቀድሜ የማጣራው እኔ ሆንኩ። ክላውዙሩን ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

የመጨረሻ ተራው ላይ ሁለተኛ ከወጣ ይበቃዋል ተባለ። ቀይ አድርጎ ወጣ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንዱ ተወዳዳሪ በውስጥ በኩል ሰብሮ ገብቶ የፊት ጎማውን መታው። ሞተሩ ተገለበጠ፤ ልጁ ተንከባሎ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አለች ፖላንዳዊቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ቆይ» አለች እናቴ። «ቆይ፣ እኅቴ። እያየሁት ነው።»

የሕክምና ሰዎች ሲሮጡ አየሁ። የእናቴ ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር።

«እግሩን አጠፈ» አለች በመጨረሻ። «ተቀመጠ። ሄልሜቱን አወለቀ። ተነሣ። በእግሩ ቆሟል።»

«እውነቱን ነው የምትነግሪኝ?»

«እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ዳኛው ጥፋተኛውን አስወጥቶ ውድድሩ በሦስቱ እንዲደገም አዘዘ። ልጁ ትንሽ እያነከሰ ወደ ተቀያሪው ሞተር ሄደ። ያን ጊዜ እናቴ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። የጓደኛዋን ትከሻ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሜዳው አዞረቻት። «ይሄን እኔ አልነግርሽም። ራስሽ እይው» አለቻት።

ፖላንዳዊቷ ዓይኗን ገለጠች።

ገመዱ ተፈናጠረ። ልጁ ወደ ኋላ ቀረ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ያው መጨረሻ። ከጎኔ አንድ የማላውቀው ድምፅ፣ «ግፋ! ግፋ የኔ ልጅ! በውጭ በኩል ሂድ!» እያለ በአማርኛ ያስተጋባል። ዞር ስል እናቴ ናት። አጥሩን ይዛ ትዘላለች፤ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። እኔም ጮህኩ፤ ፖላንዳዊቷም በቋንቋዋ ጮኸች። በመጨረሻው መታጠፊያ ልጁ አጥሩን ሊያሻሽ እስኪደርስ በውጭ በኩል ወጣ፤ የአፈሩ ናዳ ፊታችን ላይ ፈሰሰ። አፈሩን ከዓይናችን ጠርገን ስናይ መስመሩን ሁለተኛ ሆኖ አልፏል።

በኋላ ሊያገኘን ሲመጣ ፊቱ የውድድር መነጽሩ ሸፍኖት ከነበረው በስተቀር ቀይ አፈር ብቻ ነበር። እናቱን ሳማት። የእኔ እናት ድምፅዋ ስለተዘጋ ሁለቱን ጉንጮቹን በእጆቿ ይዛ ዝም ብላ አየችው።

ልጁ ከዚያ ወዲያ ሩቅ አልሄደም፤ የሚቀጥለው ዙር ላይ ቀረ። አሁን አገሩ ገብቶ ጋራዥ ከፍቷል ይባላል። እናቱም ጡረታ ስትወጣ ተከትላው ሄደች። እናቴ ከዚያ በኋላ ታመመች፤ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

ያን ቀን ወደ ባቡሩ ስንመለስ ፀሐይ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ጀርመንኛውን ትተውታል፤ አንዷ በፖላንድኛ፣ አንዷ በሰለለ አማርኛ ታወራለች፤ እኩል ይስቃሉ። እናቴን ያን ያህል ወጣት ሆና አይቻት አላውቅም። እንዳላቋርጣቸው እርምጃዬን ቀነስኩ።

እናቴ ዞር አለች። «ነይ እንጂ፣ ምን ይጎትትሻል?»

«መጣሁ» አልኳት፤ ግን ላያቸው ብዬ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረሁ።