ከሁሉ በኋላ የሚወጡት ጋሽ ተካ

ጋሽ ተካ አረፉ። ማክሰኞ ሌሊት በእንቅልፋቸው ላይ ሳሉ ነው አሉኝ፤ ረቡዕ ተቀበሩ። ይህን የምጽፈው ሳትሰሙ ለቀራችሁ ወዳጆቻቸው ነው። ብዙ መሆናችሁን ቀብሩ ላይ ከጎደለው ሰው አይቻለሁ።

ስማቸው ግር የሚለው ሰው ቢኖር ድምፃቸውን ያስታውስ። ስታዲየም ኳስ ለማየት ስትገቡ ከድምፅ ማጉያው «የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ እንደምን ዋላችሁ?» የሚሏችሁ እሳቸው ነበሩ። ብለውም መልስ ይጠብቃሉ። ሚስማር ተራ የተቀመጠው ሕዝብ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ካልመለሰላቸው የተጫዋቾቹን ስም ማንበብ አይጀምሩም።

እኔ እዚያው ትኬት መስኮት ላይ ትኬት እሸጥ ነበር። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ስለምንኖር ከጨዋታ በኋላ አብረን በእግራችን እንመለሳለን። ማለቴ፣ እሳቸው እስኪወጡ ቆሜ እየጠበቅኩ። አልዋሽም፣ ያናድደኝ ነበር። ሰዉ ወጥቶ፣ ጠራጊዎቹ ገብተው፣ እሳቸው ገና ማይክሮፎኑን እንደያዙ ናቸው።

«ጋሽ ተካ፣ ለማን ነው የሚያወሩት? ወንበር ብቻ እኮ ነው የቀረው» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ደግሞ! ጫማውን የሚያስር አንድ ሰው አይጠፋም» ይሉኛል። ከዚያ «ደህና ግቡ» ብለው ያጠፉታል። ደህና ግቡ ሳይሉ አጥፍተውት አያውቁም።

አንድ ቀን ማሊያው ጉልበቱ ላይ የደረሰ ልጅ ፖሊስ አቅፎ አመጣላቸው። ልጁ ከማልቀሱ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። ጋሽ ተካ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ የአባቱን ስም በጆሮው ጠየቁትና ማይክሮፎኑን ከፈቱ። «አቶ ግርማ የሚባሉ አባት ጠፍተዋል። ልጃቸው እዚህ እኔ ዘንድ ሆኖ እየፈለጋቸው ነው። ያያችኋቸው እባካችሁ ወደ ጥላ ፎቅ በር አምጡልን» አሉ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው በላብ ተጠምቆ እየሮጠ ሲደርስ ልጁ «የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ ተቆጣው። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንዲህ እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«ልጅ አይጠፋም፣ ዘነቡ። የጠፋው ጥሎት የሄደው ትልቅ ሰው ነው። ታዲያ ልጁን ምን ብዬ ላሳፍረው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላም የማንንም ልጅ ጠፋ ብለው አልተናገሩም።

በኋላ ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘጋ። ቀጥሎ ሰፈራችን ለልማት ተነሣና በየአቅጣጫው ተበተንን፤ እድራችንም አብሮን ተበተነ። እኔ ቄራ ተከራየሁ። እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሳቸው። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም። ስልክ ስደውል «ዘነቡ፣ እዚህ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው። ደህና ዋልክ የምለው ሰው አጣሁ» ይሉኝ ነበር።

አንድ እሑድ በስታዲየም በኩል ሳልፍ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ፣ ሊስትሮዎቹ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከረባታቸውን አስረዋል። ታክሲ እየቀያየሩ ነው የመጡት።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«የማውቀው ሰው ካለፈ ብዬ ነው» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሰው ብዙ ነበር፤ ቆም ብሎ ሰላም ያላቸው ግን አልነበረም።

ቀብራቸው ላይ የነበርነው ከድንኳኑ ወንበር እናንስ ነበር። አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው ደግ ሰዎች ናቸው፣ ድንኳኑንም የተከሉት እነሱ ናቸው፤ ግን ስማቸውን አያውቁም፤ «አራተኛ ፎቅ ያሉት አባት» ነው የሚሏቸው። የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ ሲባል የተጻፈ ነገር አልነበረም። ማይክሮፎኑን ለእኔ ሰጡኝ። «የተከበራችሁ» ብዬ ጀመርኩና ድምፄ እምቢ አለኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሰላም ሲሉ የኖሩ ሰው እንዲህ ብቻቸውን መሸኘታቸው አንገበገበኝ። አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ያን ቀን ያቃተኝን አሁን በእሳቸው ወግ ልበለው። የተከበራችሁ የካዛንቺስና የስታዲየም ሰዎች፣ ጠፍታችኋል። እኔም ጠፍቼ ነበር። ጋሽ ተካ አልጠፉም፤ ትተናቸው በሄድንበት ቦታ ተቀምጠው ሲጠብቁን ነበር። አርባቸው ዕለት ጠዋት በድሮዋ የትኬት መስኮቴ በኩል ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ ወደ መቃብራቸው አብረን እንሄዳለን። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም እንሄዳለን።

ጋሽ ተካ፣ እርስዎ የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ወጥተው አያውቁም። እኛ ግን እርስዎን ባዶ ወንበር መካከል ትተን ቀድመን ወጣን። ያኔ ለማን ነው የሚያወሩት ብዬ እነዘንዝዎት ነበር፤ አሁን እዚያ ወንበር ላይ ጫማዬን እያሰርኩ የቀረሁት እኔው ነኝ። ሁሉንም ሰምቼዎታለሁ። ደህና ይግቡ።