ዓይንህን ከመንገዱ አትንቀል

ከደብረ ታቦር የወጣሁ ለት ገና ጎህ ሳይቀድ ሚኒባሱን ያስነሱት አያ ሞላ ራሳቸው ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት የነዳሁላቸውን መኪና እንደ ተሳፋሪ ጋቢና ተቀምጬ ስሄድበት የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ ጥሩወርቅ መናኸሪያው በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። «ሥራ እንደያዝኩ አስመጣሻለሁ» አልኳት። «እሺ» አለች። ይፋግ ስንደርስ ነው፣ «አበባው፣ የትም አገር ብትነዳ ዓይንህን ከመንገዱ አትንቀል፤ የቀረውን እጅህ ያውቀዋል» ያሉኝ።

እጄ እንዲያውቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሲያሠለጥኑኝ መኪናውን አቁመው ፊቴን በጋቢያቸው ይጠቀልሉና «መብራት!» ይላሉ፣ «መጥረጊያ!» ይላሉ፣ «ማሞቂያ!» ይላሉ። በዳበሳ ካላገኘሁ ኩርኩም ነው። ጉና ተራራ ላይ የነዳ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ክረምት ላይ ከክምር ድንጋይ ከተማ ወዲያ ጉሙ ሲወርድ የመኪናህን አፍንጫ አታይም። በዚያ ላይ የቅዳሜ ገበያተኛ ርጥብ ጋቢውን ለብሶ ይሞላል፣ «መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ይላል፣ መስታወቱ በአንድ አፍታ ያልበዋል። ይህን ርጥብ ጋቢ አደራ አትርሱብኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመተማ ወጥቼ ሱዳን ገባሁ፤ ሁለት ዓመት መጠለያ ጣቢያ ከተቀመጥኩ በኋላ የሰፈራ ዕድል ኖርዌይ ደረሰኝ። የመንገዱን አልተርክም፤ የኔ ቂም ያለው እዚያ አይደለም። የኔ ቂም ያለው በርገን የምትባል ከተማ፣ አንድ የታክሲ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው።

በርገን ዝናቧ የደብረ ታቦር ነሐሴ ነው፤ እዚህ ግን ነሐሴ አሥራ ሁለት ወር ይቆያል። ድንቹ የጉናን ድንች ስለሚመስል አመሰግናለሁ። አይቡ ቡናማ ነው፣ ብሩኖስት ይሉታል፣ አፍህ ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። ኧረ የጉድ አገር! አንቱ የሚባል ነገርም የለም፤ አለቃህንም አዛውንቱንም አንተ ነው የምትል። መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍረኝ ነበር። ሰው ሲያናድደኝ ግን ጥሩ መሆኑን አየሁ።

የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ሚስቴን ላምጣ ስላቸው፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ኮምፒውተሯን እያየች፣ «ፋስት ስቲሊንግ ያስፈልግሃል» አለችኝ። ቋሚ ቅጥር ማለት ነው።

«ሾፌር ነኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ።»

«በምን ዓይነት መንገድ?»

«በገደል።»

ፈለገች፣ ፈለገች፣ «ገደል ፎርሙ ላይ የለም» አለች።

መንጃ ፈቃዱን እንደ አዲስ ተምሬ አወጣሁና በጊዜያዊነት ታክሲ ላይ ተቀጠርኩ። መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት። ስለ ጉልበቷ ክፉ አልናገርም፤ ዳገት ላይ አትለምንም፣ ድምፅ የላትም። ግን ዳሽቦርዷ ላይ አንድ የሚጨበጥ ነገር የለም! መሃሉ ላይ ትሪ የሚያክል ስክሪን ተገትሯል፤ ማሞቂያው እዚያ ውስጥ፣ መጥረጊያው እዚያ ውስጥ፣ የጎን መስታወት ማስተካከያው ሳይቀር እዚያ ውስጥ። ብትዳብስ ሁሉም ልሙጥ ነው። ካላየኸው አታገኘውም።

አለቃችን ስቬን አንድ ቀን «ስለ ስክሪኑ አስተያየት ስጡ» አለን። የት? ስክሪኑ ላይ! ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ነው፤ ስድብ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የአስመራው ልጅ ተስፋይ ካርታውን ስለሚወደው አምስት ሰጠ። ሶማሊው አብዲ ኮከቡን እነካለሁ ብሎ ሬዲዮውን አስጮኸው። እኔም ከካርታው ጋር ጠብ የለኝም። የኔ ጠብ ከመጥረጊያውና ከማሞቂያው ጋር ነው። አንድ ኮከብ ሰጠሁ፤ የመለሰልኝ የለም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዝናቡ ሲወርድ መስታወቱ አላበኝ። ላቡን የሚያደርቀው የማሞቂያው ምልክት ስክሪኑ ግርጌ፣ በግራ በኩል እንዳለ አጥንቼዋለሁ። ጣቴን ሰደድኩ፤ የለም። ለካ ቆማ ባደረችበት አፕዴት አድርጋ ኖሯል! ቤትህን ዘግተህ ተኝተህ፣ ሲነጋ ዕቃህን ሁሉ ቦታ ቦታውን ቀይረው ብታገኘው ምን ትላለህ? ወዴት ሄደ ብዬ ዓይኔን ብወረውር አንድ ሆቴል በር ላይ ያለ የድንጋይ ምሰሶ ጎኗን ላጠው። ሰው አልተነካም፣ ተመስገን። ግን በአሥራ ሁለት ዓመት የጉና ጉም ያልጫረኝን ሰውዬ ስክሪን አስጫረኝ።

ስቬን ቢሮው ጠርቶ አንድ ወረቀት አነበበልኝ። «ነጂው ለአራት ሰከንድ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሏል» ይላል።

«ማን ነው ያየኝ?»

«መኪናዋ። ካሜራ አላት።»

ወይ ጉድ! ራሷ እየኝ ትላለች፣ ሳያት ትከሰኛለች!

«ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ፈርም» አለኝ ስቬን። «የስክሪኑ ነው ከተባለ መኪኖቼ ሁሉ ለምርመራ ይቆማሉ። ከፈረምክ በዚህ ወር ፋስት ስቲሊንግ እሰጥሃለሁ።»

ጥሩወርቅ መናኸሪያው በር ላይ እንደቆመች መጣችብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዕሩን አንስቻለሁ። ያን ጊዜ ስቬን ሊያጽናናኝ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «እናንተ አገር የሚነዳው አህያ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ይገባኛል» አለኝ።

ብዕሩን አስቀመጥኩት። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ዕለት ከኢንሹራንስ አንዲት ሴትዮ የተላጠችውን መኪና ልታይ መጣች። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሌላ ምን ሊያደርግ! «ስቬን ራሱ ግቢውን አንድ ዙር ይንዳልን፤ እኔ ያቃተኝን እሱ ያሳየን» አልኩ። ስቬን ሳቀ። ሴትዮዋ እያየችው እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ መሪውን ያዘ። እኔ ከጎኑ ገባሁ። አብዲን፣ ተስፋይንና ሌላ አንድ ሾፌር ከኋላ ጫንኳቸው፤ ሦስቱም የሱፍ ካፖርታቸውን ለብሰው ግማሽ ሰዓት ዝናብ ላይ እንዲቆሙ አስቀድሜ ለምኛቸው ነበር።

«መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» አልኩት።

ዘጋው። በሦስት ትንፋሽ የቅዳሜው ገበያተኛ ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ገባ። አብዲማ ሆን ብሎ እንደ በሬ ይተነፍሳል። መስታወቱ ነጭ ሆነ። ስቬን በእጅጌው ጠረገው፤ ተመልሶ አላበው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሰደደ፤ ሙዚቃ ከፈተ። ደግሞ ሰደደ፤ ወንበሬን አሞቀልኝ። «የት ነው የሄደው ይኼ!» እያለ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ሳለ፣ ቋ! አለ ከፊት። የገጨው የራሱን ብስክሌት ነበር፣ በየጠዋቱ የሚወለውላትን ቀይ ብስክሌት። መኪናዋም ጮኻ በኖርዌይኛ፣ «ዓይንህን ከመንገዱ አትንቀል» አለችው። የአያ ሞላን ቃል!

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እነአብዲ ከኋላ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁና፣ «ጊዜ ይወስዳል፣ ይገባኛል» አልኩት።

ሴትዮዋ ከደጅ ሆና ሁሉንም ጻፈች። ጥፋቱ ከስሜ ተነሣ፤ መኪኖቹም ለምርመራ ቆሙ። በሁለተኛው ሳምንት ስቬን አዲሱን ውሌን ሰጠኝ። ቋሚ አይደለም፣ ስድስት ወር ይላል። «ከዚያ በኋላ እናያለን» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ሕጋዊ ነው፣ የትም ብትከስ አታገኝበትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ። የብስክሌቱን ስነግራት በሳቅ ትንፋሿ ጠፋ። «አያ ሞላ እዚህ አሉ፣ ይስሙት፣ ድገመው» አለች። ደገምኩት። «ርጥብ ጋቢ!» ይላሉ እሳቸው፣ «ርጥብ ጋቢ አስታወስክ፣ አንተ ሰይጣን!» እየሳቁ ሳል ያዛቸው። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች መሰለኝ፣ የሳቁ ድምፅ ሁሉ ጠፋ።

«እና ውሉስ?» አለችኝ።

የብዕሩን ነገር አልደበቅኳትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአህያውንም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ በስልኩ ይሰማኛል።

«ፈርመህ ቢሆን ኖሮ?»

«ወረቀትሽ ገብቶ ነበር።»

እኔም ስቬንን እንደገና ባገኘው እንደገና አደርገዋለሁ ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ።

«በል እስቲ» አለች ኋላ፣ «የብስክሌቱን እንደገና ንገረኝ።»

ነገርኳት። አሁን ግን አልሳቀችም።