ዶሮ የማይታጠብበት ቤት

ቃሊቲ ካለው ቤታችን ወደ ባሌ አገር የወጣሁ ለት አመሻሹ ላይ እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። በርበሬው ከላይ ይሁን ከታች መወሰን አቅቷት ነው። «ከላይ ከሆነ ጉምሩክ ያየዋል፣ ከታች ከሆነ ልብስሽን ያቀላዋል» ትላለች። ጎረቤቶቻችን ደጃፉን ሞልተውታል። አንዱ «ቬትናም ማለት ቻይና ናት?» ይለኛል፣ ሌላዋ «እዚያ ጦርነቱ አላለቀም እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ምኑን አውቄ! ባሌ ቱዋን ራሱ ስለ አገሩ ሲጠየቅ «ሙቀት አለ፣ ሩዝ አለ» ብሎ ዝም ነው። ቱዋንን ያገኘሁት እዚያው ቃሊቲ፣ እሠራበት በነበረው የልብስ ፋብሪካ ነው። ማሽን ሊተክል መጥቶ፣ ማሽኑ ተተክሎ ካለቀ በኋላም ስምንት ወር ቆየ፤ ለምን እንደቆየ ፋብሪካው በሙሉ ያውቅ ነበር።

ወደ ኤርፖርት ስንሄድ በከባድ መኪና መሀል ተቀርቅረን ሳሪስ አቦ አካባቢ ቆምን። እናቴ በመስኮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሳለመችና ዞር ብላ «አማትሽን አክብሪ፣ ሥራ አትናቂ፣ ሲከፋሽ ደውዪ» አለችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ግን እስከ ቦሌ ድረስ ስነፋረቅ ሄድኩ፤ ቱዋን መሀረብ ሲያቀብለኝ፣ ሹፌሩም ሬዲዮኑን ሲቀንስልኝ።

የገባሁባት ከተማ ቪን ትባላለች። ሃኖይም አይደለች፣ ሳይጎንም አይደለች፣ ክፍለ ሀገር ናት። በበጋ ከላኦስ በኩል የሚመጣ ነፋስ አለ፣ እናንተዬ፣ የዳቦ ምድጃ ፊትሽ ላይ እንደተከፈተ ነው። ጠዋት ጠዋት እባብ የሚመስል ዓሣ በሾርባ ይበላሉ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን አማተብኩና ዳቦ ገዛሁ። ብርቱካን የሚለው ስሜ ለምላሳቸው ስላልተመቸ ቱዋን ተርጉሞ ሰጣቸው፤ ብርቱካንን «ካም» ነው የሚሉት። እናቴ በስልክ ስትሰማ «ምነው፣ የኖኅን ልጅ ስም አወጡልሽ?» ብላ ሳቀች።

የመኖሪያ ወረቀት ላወጣ ስሄድ ፖሊሱ ፓስፖርቴን ገለባበጠና «ኢትዮጵያ! ቡና!» አለኝ።

«አዎ፣ ቡና» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«እኛ ከእናንተ የበለጠ እንሸጣለን።»

«ይሁንላችሁ።»

«ሯጭ ነሽ?»

«አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ብቻ።»

ቱዋን ይህን ሲተረጉምለት ሰውየው ከት ብሎ ሳቀና ማኅተሙን አነሣ። ከዚያ ግን ፎቶዬ መጠኑ ትክክል አይደለም ብሎ ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። እዚህ ላይ አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ።

አሁን ስለ አማቴ ልንገራችሁ። እማማ ሆዋ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ጎህ ሲቀድ ጀምረው የዶሮ «ቻው» ይሸጣሉ፤ በሩዝ የተሠራ አጥሚት በሉት፣ ውስጡ ዶሮና ዝንጅብል ያለበት። ሰፈሩ በሙሉ የሳቸውን ቻው ሳይቀምስ ሥራ አይገባም። ወጥ ቤታቸውን ግን ማንም አይነካባቸውም። ቢላ ላነሣ እጄን ስዘረጋ «ተቀመጪ፣ ይደክምሻል» ይሉኛል። ደግ ንግግር ይመስላል፤ ግን እንግዳን ነው እንዲህ የሚሉት። በዚያ ቤት የናፈቀኝ አንድ ነገር ቢኖር «ተነሺና ይሄን ያዥ» መባል ነበር።

እንዲህ እያለን፣ እኔም ቋንቋቸውን መኮላተፍ ስጀምር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ የውጭ አገር የዶሮ ምግብ ቤት መጣ። በዓለም ሁሉ ቅርንጫፍ ያለው፣ ዶሮ በዱቄት ጠብሶ በካርቶን የሚሸጥ። የተከፈተ ለት አንድ ሞተር ሳይክል ላይ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ሴት አያት ተጭነው ሲመጡ አየሁ፤ ሁሉም የክት ለብሰዋል። የኛ ሰው ለጥምቀት እንዲህ አይለብስም።

እነዚህን ሰዎች የወደድኳቸው ያኔ ነው። ካምፓኒው ዳቦና ድንች ይዞ ነበር የመጣው። «ሩዙስ?» አሉት፣ ሩዝ ጨመረ። «ሾርባውስ?» አሉት፣ ሾርባ አመጣ። ቃሪያው በየጠረጴዛው ተቀመጠ። ልጆቹ እየተጫወቱ አያቶቹ አየር ማቀዝቀዣው ስር ሸለብ ያደርጋቸዋል፣ ማንም ተነሱ አይላቸውም። የውጭውን ነገር በደስታ ያስገቡታል፣ ግን በር ላይ ጫማውን ያስወልቁታል። ደግሞ የሚገርመው፣ ዶሮውን በእጃቸው ነው የሚበሉት፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው! «እጅ ምን አጠፋ?» ብዬ አንዷን ተማሪ ጠየቅኳት። «ስልክ ስለምነካ ነዋ» አለችኝ። ይሄስ ልክ ነው።

ሠራተኛ ይፈልጉ ነበርና አመለከትኩ። ሥራ አስኪያጇ ሊን ትባላለች፣ ከሳይጎን የመጣች፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ፈጣን ልጅ። የተሰባበረ ቋንቋዬን ሰምታ ለአንድ ወር ሙከራ ተቀበለችኝ። ማታ በደስታ ለእማማ ሆዋ ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ከደጄ ፊት ለፊት ዶሮ ሊሸጥብኝ ለመጣ ሰው ልትሠሪ?»

«እነሱ እኮ የሚከፍቱት እርስዎ ሸጠው ሲጨርሱ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉኝና ተነሡ።

እዚያ አገር ልክ እንደኛው «እንብላ» ሳይባል አይበላም። ታናሽ ታላቁን በስም ጠርቶ ይጋብዛል፣ ታላቁም «ብይ ልጄ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ «እማማ ሆዋ፣ ይብሉ» እላለሁ፣ እሳቸው ዝም። ቱዋን ወደ ሩዙ አቀርቅሮ ይበላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ! በአገሬ ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፤ እዚያ ማንን ልላክ?

ሥራውን ግን ወደድኩት፤ እውነቱን ልናገር። ዘይቱ በሰዓቱ ይቀየራል፣ ሁሉም ነገር ጢጥ በሚል ደወል ይመራል፣ አለቃዋ ራሷ መጥረጊያ ትይዛለች። ቃሊቲ የሠራሁበት ፋብሪካ አለቃ እስክሪብቶ ወድቆበት እንኳ ሰው ጠርቶ ነው የሚያስነሣው። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልሽ አለኝ፤ የተጠበሰ ዶሮ ሰዓቱ ካለፈ ይጣላል። በዓመት በዓል አንድ ዶሮ ለዘጠኝ ሰው ተካፍዬ ላደግኩት ሴት ይሄን ማየት ቀላል አይደለም።

ቅዳሜ ቀን ነው፣ ዝግጅት ክፍል የምትሠራው ልጅ አሟት ቀረች። ሊን ከጽዳት አነሣችኝና «ከረጢቱን ክፈቺ፣ ዱቄት ውስጥ ክተቺ፣ በቃ» ብላኝ ወደ መሸጫው ሮጠች። ከረጢቱን ከፈትኩ። ዶሮው በሆነ ነገር ተለውሶ ተዝለግልጓል። ኧረ በስመአብ! የኛ አገር ሴት ዶሮ በስንት ውሃ እንደምታጥብ ታውቃላችሁ። «ይቺ ልጅ መታጠቡን ረስታ ነው» አልኩ። ለሻይ የመጣ ሎሚ በካርቶን አለ፣ ጨው አለ፣ ውሃ አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ያለውን ዶሮ በሙሉ ውሃው ኩልል እስኪል ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ደግሞ እያንጎራጎርኩ፣ እኔ ሞኟ!

ዱቄቱ አልይዝ አለ። ዘይት ውስጥ ሲገባ ዱቄቱ ለብቻው፣ ዶሮው ለብቻው ሆነ። መሸጫው ጋ ሰልፉ በር ደርሷል፣ ጥግ ላይ የልደት ድግስ ያላቸው ሕፃናት የወረቀት ቆብ አድርገው ይጠብቃሉ። ሊን አንዱን ቆርሳ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እህቴ ካም፣ ይሄ ዶሮ ምን ሆነ?»

«ታጠበ።»

«በምን?»

«በሎሚና በጨው።»

«ቅመሙስ?»

«እሱም ታጠበ።»

«ፋብሪካው እኮ አጥቦ ነው የላከው!»

«ሲያጥብ አይቼዋለሁ እንዴ?»

መመሪያውን አምጥታ አሳየችኝ፤ «ማጠብ ክልክል ነው» ይላል፣ በቀይ። ደንቡን ሲጽፉ የኔ ዓይነት ሰው እንደሚመጣ አስበውበታል ማለት ነው። «ሰኞ እነግርሻለሁ፣ ለዛሬ ሂጂ» አለችኝ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

መንገዱን ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። ሥራው ቢቀር ቢቀር አንድ ነገር ነው። እዚያ ቤት ግን እንግዳነቴ ሳያንስ መሳቂያ ሆኜ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። እማማ ሆዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ክፍለ ሀገር አይደል! ቀና ሳይሉ «ስንት ጊዜ አጠብሽው?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«በጨው?»

«በጨውና በሎሚ።»

«ዝንጅብልስ?»

«አልነበረም።»

«ዝንጅብል ከሌለማ ጠረኑ አይወጣም» አሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቢላው ከእጃቸው ወደቀ። እኔም ለቅሶዬን ይዤ የመጣሁት ሴትዮ አብሬ ሳቅሁ።

ሰኞ ማለዳ ሊን እንደ ሁልጊዜዋ ቻው ልትበላ መጣች፤ አዎ፣ የዶሮ ቤቱ አለቃ ራሷ የአማቴ ደንበኛ ናት። እማማ ሆዋ ሳህኑን ሞልተው በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ይቺን ልጅ ልታባርሪያት ነው?»

«እማማ፣ ደንብ አለን።»

«እኔም ደንብ አለኝ። ዶሮ ሳይታጠብ አይበስልም። የኔን ቻው በየማለዳው የምትበዪው ለምን ይመስልሻል?»

ሊን ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። «ወጥ ቤት ግን ሁለተኛ አትገባም» አለች።

«የናንተን ወጥ ቤት ምን ያደርግላታል!» አሉ እማማ ሆዋ፣ ሳህኑንም ሰጧት። ይኸው እስከ ዛሬ ከደንበኞቹ ጋ ነው የምሠራው፤ የልደት ድግስ አስተናጋጅ ሆኛለሁ፣ ሕፃናቱም ጸጉሬን ለመንካት ይሰለፋሉ። የዚያን ሰኞ ማታ ገበታ ላይ «ይብሉ» ስል «ብይ ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ሩዜን ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ለእናቴ ደወልኩ፤ እዚያ ገና ረፋድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች ሁሉን አጫወተችኝ፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ መብራት መጥፋቱ፣ ሊፈርስ ነው ስለሚባለው ሰፈር። «መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከጓዳ «ካም! ዶሮዎቹ መጡ፣ ነይና እጠቢ!» የሚል ጥሪ ተሰማ።

«ማናት የምትጠራሽ?» አለች እናቴ።

«እማዬ ናት» አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። «የቱዋን እናት ማለቴ...» ልል ጀመርኩ።

«ሂጂ በይ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እናትሽን አታስጠብቂያት።»

ስልኩንም ዘጋችው። እናቴ እኔ ሳልዘጋ ዘግታ አታውቅም ነበር።