ሁለት ድንጋይ መሃል

ሆዴ ከጀልባ እንደሚሰፋ ያወቅሁት ሁሩታ አጠገብ ባለች ትንሽ ወንዝ ላይ ነው። ጓደኛዬ ከአዳማ ባመጣት የጎማ ጀልባ ለብቻዬ እቀዝፋለሁ ብዬ ፎክሬ ገባሁ። ውሃው መቅዘፊያዬን ነጥቆ፣ ጀልባዋን ሁለት ድንጋይ መሃል ሲያሾልካት እኔን በሆዴ እዚያው ሰነቀረኝ። ከበታቼ ፏፏቴው እንደ መቶ የጭነት መኪና ያጓራል። ጓደኛዬ ዳር ቆሞ "አትነቃነቅ!" ይለኛል። እንኳን እኔ፣ ትንፋሼም ተቀርቅሯል።

አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው መጥተው ከጓደኛዬ ጎን ቆሙ።

"አካም ጂርታ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ።

"አባባ፣ ገመድ!"

"ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና! ልሞት ነው እኮ!"

"ከብቶችህስ?"

እንደ እኔ ያለ የአዳማ ከተማ ሰው ምን ከብት አለው? ድንጋዩን እንዳቀፍኩ፣ "በሬዎቼ ደህና ናቸው! የእርስዎስ?" አልኩ። ላሞቻቸውን አንድ በአንድ ይነግሩኝ ጀመር። ሦስተኛዋ ላም ላይ ስንደርስ ባለቤታቸው ገመድ ይዘው እየሮጡ መጡ። ሦስቱ ተጋግዘው ጎትተው አወጡኝ።

"ምነው አባባ፣ ሰው እየሞተ ሰላምታ?" አልኳቸው።

"ገመዱ ቤት ነበር፤ እሷን ልኬ ነው ወዳንተ የመጣሁት። ዝም ብልህ ፈርተህ ድንጋዩን ትለቀው ነበር" አሉ። ቀጥለውም፣ "ለመሆኑ ስንት በሬ አለህ?"

"አሥራ ሁለት" አልኩ።