የሲኞር ቱሊዮ መስታወት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሊያ ሳን ሆዜ የድሮ መኪኖች ትርዒት ይዛኝ ሄዳ ነበር። እኔ ለመኪና ብዙም አይደለሁም፤ የሄድኩት ከልጅቷ ጋር ለመዋል ነው። ጥላ ፍለጋ ስዞር አንዲት ቀይ የውድድር መኪና አጠገብ ደረስኩ። ከፊቷ የሾፌሯ ፎቶግራፍ ቆሟል። ወፍራም ቅንድብ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቆብ።

«ኤማዬ፣ ዩ ኖው ሂም?» አለችኝ ሊያ፣ ፊቴን አይታ።

አውቀዋለሁ እንጂ። ገና ኦክላንድ እንደገባሁ፣ በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ይኼን ሰው በየሳምንቱ ድራይቭ አደርገው ነበር።

ሲኞር ቱሊዮ ፍሩትቬል በሚባል የኦክላንድ ሰፈር ብቻውን የሚኖር ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነበር። ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን ወስደውበታል፤ ሳን ሆዜ ያለው የዓይን ሐኪሙ ዘንድ የሚያደርሰው ሰው ፈለገ፣ እኔ ደግሞ ሥራ። ሽማግሌ የማመላልስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈታኝ ነው የጫንኩት። ፍሪዌይ ገብተን ገና ከመረጋጋቴ «ከኋላሽ ያለው ምን ቀለም ነው?» ይለኛል። ያን ጊዜ የሚከተለንን መኪና ለማየት ቀና ብዬ መስታወቱን ካየሁ አለቀልኝ። «ጥሩ ሹፌር ከኋላው ያለውን ሳይጠየቅ ያውቃል» ብሎ እስከ ሳን ሆዜ ይነዘንዘኛል።

ካልነዘነዘኝ ሕይወቱን ያወራልኛል። ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር፤ በጋሪ ዳቦ ያድል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተሰባበረች መኪና አግኝቶ በገዛ እጁ አደሳት፤ በተራራ መንገድ ውድድር አሸነፈ፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጠሩት፤ ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። አንድ ዝናባማ ቀን ጓደኛው ከፊቱ ተገልብጦ ሲሞት ውድድሩን እርግፍ አድርጎ ተወና ካሊፎርኒያ መጥቶ ጋራዥ ከፈተ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ብቻ ከዳቦው ጋሪ ሲነሣ ዘሎ ጦርነቱ ማለቂያ ላይ ነው የሚያርፈው። «በመሀልስ የት ነበሩ?» ስለው «እግሬን አሞኝ ተኝቼ ነበር» ይላል። «አገራችንንስ ያውቋታል?» ስለው፣ «በካርታ።»

እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ነው ያደግሁት።

አንድ ጠዋት ፍሪዌዩ ተዘግቶ በኦክላንድ ኮረብታ ዞርን። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሲኞር ቱሊዮ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ «ጡሩምባ ንፊ፤ ግመል ሊኖር ይችላል» አለ።

«ምን ሊኖር?»

«ላም ማለቴ ነው» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። እዚህ ላም የት አለና ነው።

ቤት ስገባ የግመሉን ነገር ለእትዬ ሙሉ ነገርኳቸው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያኔ የምኖረው እሳቸው ዘንድ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ደሴ አጠገብ፣ ወታደሮች አባታቸውን ከቤት አውጥተው ካሚዮን ላይ ሲጭኗቸው በአጥር ቀዳዳ አይተዋል፣ ልጅ ሳሉ። ሬሳቸውም ወሬያቸውም አልተመለሰም። እትዬ ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉት የት እንዳደረሷቸው የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነበር።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» አሉ። «አምጪው። ምሳ ይብላ።»

እሑድ ከረባት አስሮ፣ አበባ ይዞ መጣ። እትዬ ለፈረንጅ ሆድ ብለው አልጫ ሠርተዋል። ወሬ ሳያበዙ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት። ፈረንጅ ጉርሻ ሲዘረጋለት የሚያደርገውን እናውቃለን፤ ይስቃል፣ ይሸሻል፣ በእጁ ልቀበል ይላል። ሲኞር ቱሊዮ መዳፉን አገጩ ሥር አድርጎ ጎንበስ አለና ጎረሰ። ከዋጠ በኋላ ግን ቀና አላለም። እንደጎነበሰ ሁለተኛውን ጠበቀ።

እጄ እንጀራው ላይ ቀረ። እትዬ ሁለተኛውንም አጎረሱትና በአማርኛ «ማነው ያስለመደህ?» አሉት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ፣ በዛገ አማርኛ።

የቀረውን በእንግሊዝኛ ተናገረ፣ እኔ ተረጎምኩ። ከአሰብ ደሴ የሚመላለስ የካሚዮን ሾፌር ነበር። መንዳት የለመደው የባቲ መንገድ ላይ ነው። አገሩ ስትሸነፍ አንዲት የደሴ ባልቴት ደብቃ፣ እያጎረሰች አተረፈችው። ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አሳዘነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሽማግሌውን እወደው ነበር።

እትዬ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «እኔ የበላውን አልጠየቅሁትም። ካሚዮኑ ላይ ምን ይጭን እንደነበር ጠይቂልኝ።»

«ዱቄት» አለ።

«ሁልጊዜ?»

አንገቱን ደፋ። «የእኔ ሥራ መንዳት ነበር። ከኋላ የተጫነውን አላይም ነበር።»

ይኼንንም ተረጎምኩላቸው። ፍሪዌይ ላይ ከኋላሽ ያለውን ቀለም ካልነገርሽኝ ብሎ ሲያስጨንቀኝ የከረመ ሰው እኮ ነው።

«ሲኞር ቱሊዮ፣» አልኩት፣ ራሱ እኔን በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ከኋላዎ ያለው ምን ቀለም ነበር?»

ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ቆቡን አንሥቶ ተነሣ። እትዬ እስከ በሩ ሸኙት፤ ከገበታቸው የቀመሰን ሰው እንዲሁ መስደድ አያውቁም። በሳምንቱ ልወስደው ስሄድ መጋረጃው ተነቃነቀ እንጂ በሩ አልተከፈተም።

እትዬ የዚያን ቀን እጃቸውን እየታጠቡ «እኔ ሁለቱንም አጉርሼዋለሁ፤ ከእኔ የቀረ የለም» ነበር ያሉት። መልሱን ሳያገኙ አረፉ።

ሊያ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ጋጋሪው አባት፣ የዳቦው ጋሪ፣ ከዚያ ዘሎ «ከጦርነቱ በኋላ»። እዚህም ዘሎታል።

«ወዝ ሂ ጉድ?» አለችኝ፣ ጥሩ ሰው ነበር ወይ ማለቷ ነው።

«ጎበዝ ሹፌር ነበር» አልኳት። ውሸት አይደለም።

መኪናዋ በስተግራ ክብ መስታወት አላት፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል። ወገቤን ይዤ ጎንበስ አልኩና አየሁባት። ከኋላዬ ሊያ ቆማለች፤ ከእሷ ኋላ አይስክሬም የያዙ ባልና ሚስት፤ ከእነሱ ኋላ ቢጫ መኪና፣ ከዚያም ወዲያ መንገዱ። ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።