የኪያር ፈረስ፣ የደበርጃን ላም

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ሃያት በሬን አንኳኳች። እኔ በምኖርበት የካልጋሪ ሰፈር፣ ካስልሪጅ ውስጥ ሳይደውል በር የሚያንኳኳ ወይ ዕቃ አድራሽ ነው ወይ ሃይማኖት ሰባኪ፤ ስለዚህ ስከፍት ፊቴን አኮሳትሬ ነበር። ልጅቷ አንገቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ካርድ አንጠልጥላለች፣ በእጇ ቢጫ ጃንጥላ ይዛለች። ዝናብ ግን አልነበረም። ከተራሮቹ ወዲያ የሚቃጠለው ደን ጭስ ሰማዩን አመድ ካስመሰለው ሳምንት ሆኖት ነበር። ጃንጥላውን ሳይ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ አወቅሁ። ያለ ዝናብ፣ ያለ ፀሐይ ጃንጥላ የሚይዝ አስጎብኚ ብቻ ነው።

«ጋሼ ሰይድ፣ ቅዳሜ የእትዬ ዘሃራ ሰደቃ ነው አይደል?» አለችኝ።

ዘሃራ ባለቤቴ ናት። ቅዳሜ ከሞተች ዓመት ይሞላታል።

«ነው» አልኳት።

«ለሰመር ቱር ጋይድ ሆኛለሁ። ላይክ፣ ኖርዝ ኢስትን በእግር እናሳያለን፤ ሞስኩን፣ ሱቆቹን፣ ምናምን። እና ጋሼ... ቱዌልቭ ሰው ብቻ ነው። ሰደቃውን ቪዚት ቢያደርጉ ብዬ ነው። ኮርነር ላይ ነው ቁጭ የሚሉት። ቬሪ ሪስፔክትፉል ናቸው፣ ፕሮሚስ።»

«ላስብበት» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ዘሃራ ብትኖር «ልጅቷን ውሃ እንኳ ሳታጠጣ!» ብላ ትቆጣኝ ነበር። እኔ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጬ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ ቤልትላይን በሚባለው የመሀል ከተማ ሰፈር የወረቀት ጃንጥላ ይዤ ስሄድ ታየኝ። ያንን ጎረምሳ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ዛሬም ባየው ደስ አይለኝም።

አለቃዬ ጌታሁን ይባል ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣል፣ ምላሱ ቅቤ ነው። ስለ ጃፓን የሚያውቀው ቶዮታ ብቻ ነበር፤ እሱም አሮጌ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት «የጃፓን ሰመር በእግር» የሚል ጉብኝት አቋቋመ። ተራራ ሊያዩ የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች ተራራቸውን አይተው ሲጨርሱ፣ አውሮፕላናቸው እስኪነሳ ካልጋሪ ውስጥ አንድ ቀን ይተርፋቸዋል። ያቺን ቀን ለመግደል ከጀርመን የመጣ ሰው ስለ ጃፓን ከወሎ ልጅ ይማር ነበር። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል ይባላል። እኛን ያተረፈን ቤልትላይን ሜዳ መሆኑ ነው።

ያደግሁት ደሴ ነው። እነሱ ሰመር የሚሉት እኛ ክረምት የምንለውን ነው፤ ነሐሴ ለእኔ ጭቃ፣ ጉምና በቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣ በረዶ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ጃፓኖች የነሐሴን ሙቀት በምን ዘዴ እንደሚያሳልፉት የሚያስረዳው! ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ውሃ ይረጫሉ እል ነበር። ጣሪያቸው ጠርዝ ላይ የመስታወት ቃጭል ይሰቅላሉ፤ ነፋስ ሲነካው ድምፁ ብቻውን ሰውነት ያቀዘቅዛል ይላሉ እል ነበር። ዩካታ የሚባለውን ስስ የጥጥ ልብስ ጌታሁን ለሁለታችንም ገዝቶ ስለነበር እሱን ከጂንስ ሱሪዬ በላይ ደርቤ፣ መቀነቱን እንደ እናቴ ጠምጥሜ እሄዳለሁ። ያየኝ አበሻ ሁሉ መንገድ ይሻገር ነበር።

ጎብኚዎቹም ቢሆኑ የሚከበሩ አልነበሩም። በነጻ የሚሄዱበትን መንገድ ከፍለው፣ ከጃንጥላ ኋላ ተሰልፈው፣ እንደ በግ ይነዱ ነበር። ኮፍያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «ይሄ እውነተኛው ነው?» ይላሉ። እውነተኛው እንዳልሆነ እኔ አፌን ስከፍት መስማት ይችሉ ነበር።

ታዲያ ለምን ሠራህ ብትሉኝ፣ ከዚያ በፊት ቢሮ አጸዳ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ፊቴን ያየ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ስናገር አሥራ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠኛል፤ ስቀልድ ይስቃል። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፣ የሰከርኩት ግን በዚያ ነው።

ጉብኝቱ የሚያበቃው ሚስስ ሞሪ ግቢ ነበር። ሚስስ ሞሪ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ የጃፓን አሮጊት ናቸው። ቤታቸው በሁለት ረጃጅም አፓርታማዎች መካከል የቀረች የእንጨት ቤት ነበረች። ጌታሁን ከጎናቸው ተከራይቶ ሲኖር ሁለት ዓመት በብርዱ ወራት የደጃፋቸውን በረዶ ጠርጎላቸዋል። «በምን ልመልስልህ?» ቢሉት፣ «ግቢዎን ለጎብኚዎች ቢያሳዩልኝ» አለ። በረዶ ጠርጎ ግቢ ወረሰ። እሳቸውም ውለታ ስለከበዳቸው በየቀኑ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ በማንቆርቆሪያ አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር። ያ ሻይ ጣዕሙ የቆሎ ነው፤ እየቆረጠሙ ሳይሆን እየጠጡት።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን አሥራ ሁለቱን ይዤ ስገባ፣ ግቢው በር አጠገብ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የበሰለ ኮክ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ድብልብል የሩዝ ኬክ፣ አንድ ኩባያ የገብስ ሻይ። ከጎኑ የእንጨት እግሮች የተሰኩበት ኪያርና እንዲሁ እግር ያወጣ ሐምራዊ የደበርጃን ፍሬ ቆመዋል። ሚስስ ሞሪ አልነበሩም። እኔ ባደግሁበት አገር ማዕድ ከተዘረጋ የተዘረጋው ለመጣው ሰው ነው፤ ዝም ብሎ መቆም ባለቤቷን መስደብ ነው። የዕለቱ ሙቀት፣ የሐብሐቡ ሽታ፣ ሁሉም «ብሉ» የሚል መሰለኝ።

«ቅረቡ» አልኳቸው። «ጃፓንም እንደ እኔ አገር ነው፤ እንግዳ የቀረበለትን እንቢ አይልም።»

አንዷ ኪያሩን አንስታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት ማንን ገደለ? እኔ ግን «ልጆች ማዕድ ላይ እንዲቀመጡ የሚሠራላቸው መጫወቻ ነው» አልኳት። ሳቁ፣ በሉ፣ ሻዩን አንድ ሰውዬ ጨለጠው።

ሚስስ ሞሪ ክብሪት ይዘው ብቅ ያሉት ያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቆሙ። ባዶውን ሳህን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡና ተመልሰው ገብተው የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ይዘው መጡ።

ሰዎቹ ሲሄዱ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ኪያሩን ከሣር ላይ አንስተው በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ በዝግታ እንግሊዝኛቸው ነገሩኝ። በዓመት ሦስት ቀን የሞቱ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፤ መንገዱ እንዲታያቸው ደጃፍ ላይ እሳት ይለኮስላቸዋል። ኪያሩ ፈረስ ነው፤ ቶሎ እንዲደርሱ። ደበርጃኑ ላም ነው፤ ሲመለሱ ቀስ ብለው እንዲሄዱ። ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነው። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኮክ ይወዱ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁ። «አላወቅህም» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ነገም ጉብኝት አለ?» አሉ።

የወሎ ልጅ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ልመና መሆኑን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ። «ለጌታሁን እነግረዋለሁ» አልኳቸው።

ጌታሁን አፓርታማው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጎብኚዎች አስተያየት የሚጽፉበትን ደብተር ያገላብጣል።

«አንተ ሰይድ! ይሄን ሪድ አድርገው እስቲ! ኦተንቲክ ይላል፣ ኦተንቲክ! ፉዱን ማን ነው አይዲያ የሰጠህ?»

«ስህተት ነው። ለሞቱት ባላቸው የቀረበ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ካንስል አድርግልኝ።»

«ካንስል? ፉል እኮ ነው ቡክ የተደረገው!»

«በሌላ መንገድ እንጨርሰው፤ ፓርኩ ጋ።»

ደብተሩን ዘጋ። «ስማ፣ እናንተ አገር ለሙት ሰደቃ ሲወጣ ማነው የሚበላው? ሙቱ ነው?»

«ሰው ነው።»

«በቃ! ምን ልዩነት አለው? ሰው ይብላ፣ ለሙቱ ይድረሰው። ካልተመቸህ ደግሞ ሥራውን የሚፈልግ ሌላ ልጅ አለ፤ ኮል ላድርግለት?»

በገዛ ወጌ አሰረኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ለመታሰር እጄን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እኛ ለሙት የምናበላው ሰው ጠርተን፣ ዱዓ አስደርገን እንደሆነ፣ ማንም ከመንገድ ጃንጥላ ተከትሎ እንደማይገባ አሳምሬ አውቅ ነበር። ጠዋት ዩካታዬን ተኮስኩ።

በሁለተኛው ቀን የባሰ ነገር አደረግሁ። የመጀመሪያው ቀን ውሸት ነበር፤ በሁለተኛው እውነቱን ተናገርኩ። ሚስስ ሞሪ ኪያሩን እየጠረጉ የነገሩኝን፣ ፈረሱን፣ ላሙን፣ ኮኩን፣ አራቱን ዓመት ሳይቀር፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ማረፍ ያለብኝ ቦታ ላይ እያረፍኩ ተረክሁላቸው። አንዲት ሴት አለቀሰች። እያለቀሰች ፎቶ አነሳች፤ ከዚያም ኮኩን በላች። እኔ ደግሞ እንባዋን ሳይ በልቤ «ዛሬስ ቀናኝ» አልኩ። ሰው ራሱን የሚንቅበት አንድ ቀን ካለው የእኔ ይሄ ነው። ሚስስ ሞሪ ከመስኮቱ ወዲያ ቆመው ነበር፤ ሰምተውኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ተቀይሮ ነበር። አሥራ ሁለት ትናንሽ ሳህኖች፣ አሥራ ሁለት ኩባያዎች፣ ለእያንዳንዱ ሰው ኮክ በሥርዓት ተቆርጦ ቀርቧል። በጠረጴዛው ጫፍ፣ ትናንት የባላቸው ማዕድ በነበረበት ቦታ፣ ደበርጃኑ ላም ብቻውን ቆሟል። ጎብኚዎቹ ጣሪያው ጠርዝ ላይ የተሰቀለውን የመስታወት ቃጭል ፎቶ ሲያነሱ ወደ ሚስስ ሞሪ ጠጋ አልኩ።

«ለባለቤትዎ አላቀረቡም?»

«እንግዳ ባለበት አይበላም» አሉኝ። «ዓይን አፋር ነው። ሰው ሲመጣ ኩሽና ገብቶ እስኪሄዱ ይጠብቅ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ይጠብቃል» አሉ። ቀጥለው በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ግን ዛሬ ተመላሽ ነው» አሉኝ።

ገባኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ መጥቶ ኩሽና ቆሞ እኛን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሊሄድ የቀረው ጥቂት ነው። ሰዎቹ ገና አልተቀመጡም፤ ጃንጥላዬን ከፍ አድርጌ «በዚህ በኩል» ብል ያለ አንድ ጥያቄ ተከትለውኝ ይወጡ ነበር። ለምን እንደሆነ አንዱም አይጠይቀኝም ነበር፤ እነሱ እንደሆኑ ጃንጥላ እንጂ ሰው አይከተሉም። ሚስስ ሞሪ ዓይኔን ያዩኛል። ሕይወቴ ውስጥ ያን ያህል ቀላል ነገር የተለመንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጃንጥላዬን አጥፌ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። «ኑ፣ ቅረቡ» አልኳቸው። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ሲወጡ ሁሉም እጄን ጨበጡኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጌታሁን ጃፓንን ትቶ ሜክሲኮን ጀመረ፤ የለወጠው ባርኔጣ ብቻ ነው። እኔ ወደ ቢሮ ጽዳት ተመለስኩ። የማጸዳው ሕንፃ ከሚስስ ሞሪ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ እያልኩ የበረዶውን ወራት ሙሉ በሌላኛው መንገድ ስዞር ከረምኩ። አንድ ቀን ሳልፍ ቤቱ በአጥር ተከቧል፤ ከዚያ ጉድጓድ ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አምስት ፎቅ። የት እንደገቡ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ በርትቼ ፈለግሁ ብልም ውሸት ነው።

ትናንት ሃያትን አባቷ መኪና አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«አይሆንም» አልኳት።

«ፕሊስ ጋሼ! ሪስፔክትፉል ናቸው አልኩዎት እኮ።»

«እኔም ሪስፔክትፉል ነበርኩ።»

አልገባትም፤ እንዴት ይገባታል? ፊቷ ጭፍግግ ሲል አየሁና ልቤ ራራ። ትንሽ ሆና ዘሃራ ኩሽና ውስጥ ከእሷ እጅ እየጎረሰች ነው ያደገችው።

«አንቺ ነይ» አልኳት። «ያንን አንገትሽ ላይ ያለውን አውልቀሽ ነይ። ዘሃራ ትወድሽ ነበር።»

ስልኳን አየች። «ቅዳሜ ሺፍት አለኝ ጋሼ» አለች።

«እሺ» አልኳት። እኔ በእሷ ዕድሜ ከዚያ የተሻለ ምን መለስኩ? ቅዳሜ ሰዉ ተሰብስቦ ዱዓው ሲያበቃ፣ በሩ አጠገብ አንድ ሳህን ከድኜ አስቀምጥላታለሁ። መጣችም አልመጣችም፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም።